የቆመ መኪና አይታለፍም

«ጎበዝ!» ማለት ከሥራ ያስባርራል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔን ለማስባረር ጥቂት ነው የቀራት። ከዚያች ቃል ተነስቶ እስከ አንድ የሐሙስ ጠዋት ሰልፍ ድረስ የመጣውን ጉድ ልንገራችሁ።

ያኔ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነበርኩ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት አያስፈራኝም፣ ምላሴም አርፎ አይቀመጥም። ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ አባቶቻቸው በአዲስ አበባና በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዱ፣ እናቶቻቸው በሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ናቸው። ዳይሬክተራችን አቶ ዘሪሁን ሁለት ነገር አጥብቀው ይወዱ ነበር፤ ማይክሮፎንና ዝምታ። ማይክሮፎኑ ለእሳቸው፣ ዝምታው ለእኛ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቀን ሳስተምር ሊገመግሙኝ ክፍሌ ሲገቡ ነው። ኋላ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና ትዕግሥታቸው አለቀ መሰለኝ፣ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው «ማባዛት እንዲህ አይደለም የሚሰጠው» ብለው ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ አራት ብለው ጻፉ። ሶልያና የምትባል ተማሪዬ፣ ጸጉሯ ሁልጊዜ በሁለት የተጎነጎነ ፈጣን ልጅ፣ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች።

«ሃምሳ ስድስት ነው!»

«ጎበዝ!» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ችግሩ በእኔ ክፍል ልማድ ጎበዝ የተባለ ልጅ ይጨበጨብለታል። ክፍሉ በአንድነት አጨበጨበ። አቶ ዘሪሁን ጠመኔውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን አራገፉና ወጡ።

በማግስቱ የክፍሌ ቬንትሌተር «ለጥገና» ተብሎ ተፈታ፤ በዚያው ቀረ። ተራ የነበረው የበር ጥበቃ፣ ማለትም በቀትር ፀሐይ ቆሞ የመጨረሻው ልጅ እስኪወሰድ መጠበቅ፣ የእኔ የዘወትር ሥራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ማይክሮፎኑን ይዘው «አንቺ! ሦስተኛ ክፍል! መስመርሽን አስተካክይ!» ይሉኝ ጀመር። እኛ ትምህርት ቤት መምህር በተማሪ ፊት አንቱ ነው የሚባለው። ሌሎቹን አንቱ እያሉ እኔን ብቻ አንቺ። አንድ ተማሪዬ ከዕለታት አንድ ቀን ቀሚሴን ጎተት አድርጎ «ቲቸር፣ እርስዎን ለምንድነው ከእኛ ጋር የሚቆጥሩዎት?» አለኝ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ነበር። እትዬ የሺ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ሥራውን ያገኘችልኝ፣ እንደ ታናሽ እህቷ የያዘችኝ እሷ ነበረች። ቀስ በቀስ ወንበሯን ከእኔ አራቀች። ሌሎቹም እንደዚያው። ሳቅ ላይ ደርሼ ስገባ ሳቁ ይቆማል፤ ሰላምታዬን በቅንድብ ይመልሱልኛል። አንድ ቀን እትዬ የሺ ኮሪደር ላይ ግራ ቀኝ አይታ «አይዞሽ፣ ያልፋል» አለችኝና እሷ ራሷ አለፈች። ጥዬ እንዳልሄድ የመኖሪያ ፈቃዴ በትምህርት ቤቱ ስም ነው። ደግሞስ ማስተማር እወድ ነበር እኮ! ጠዋት ጠዋት እግሬን እየጎተትኩ መሄድ ከጀመርኩ በኋላ እንኳ የክፍሌን በር ስከፍት ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ያቺ ረቡዕ መጣች።

ትምህርት አለቀ፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ተወሰዱ። ሶልያና ብቻ ቀረች። እናቷ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ ከዓርብ በቀር አትወጣም። አባቷ በላቸው መንገድ ላይ ነው። የምታሳድጋት አክስቷ ወይዘሮ ዘነቡ ናት፤ አርፍዳ አታውቅም። ስልኳ ላይ ብደውል ዝግ ነው። መምህራኑ እየተሰናበቱ ወጡ። ዘበኛችን አብዲ ቁልፍ ይዞ መጣ።

«ማዳም፣ ዲሬክተር ዝጋ አለ። ወላሂ እኔ ምን ላድርግ?»

አቶ ዘሪሁን መኪናቸው ውስጥ ገብተው ነበር። ሮጥ ብዬ መስኮቱ ጋ ደረስኩ።

«አቶ ዘሪሁን፣ አንድ ልጅ ቀርታለች። ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ብንጠብቅ?»

«ተረኛዋ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ጎበዝ ነሽ አይደል? ጉብዝናሽን አሳዪና!» መስኮቱ ወደ ላይ ወጣ፤ መኪናዋም ሄደች።

ቀትር ካለፈ ጅቡቲ ትተኛለች። ጫቱ ይገባል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ላይ ፍየሎችና እኔን የመሰሉ ዕድለ ቢሶች ብቻ ይቀራሉ። የግቢው ግንብ ጥላ የአንድ ክንድ ስፋት እንኳ አልነበረውም። ልጅቷን ግንቡ ላይ አስጠግቼ በፀሐዩ በኩል እኔ ቆምኩ። ውሃዬን ጨረሰችው። አክስቷ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ። ቆይቶ ሶልያና ዝም አለች። ያቺ ለፍላፊ ልጅ ዝም ስትል ነው የደነገጥኩት።

«ቲቸር፣ ራሴን» አለች። ግንባሯ ይፋጃል፣ ላብ ግን የለም።

ተማሪን ከግቢ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ ደንቡን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን ደንቡን ያወጡት ሰዎች በዚያ ሰዓት ቬንትሌተር ሥር ነበሩ። እጇን ይዤ ሚኒባስ አስቆምኩ። ከአንድ ሱቅ መስኮት ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቼ አናቷ ላይ እያፈሰስኩ ባልባላ ሰፈር፣ ዋራበሌ የሚባለው መንደር፣ አክስቷ ቤት ደረስን። በሩ ተቆልፏል! ጎረቤቲቱ የሶማሌ ሴት ሶልያናን ስታይ ደረቷን መታች። እሷ በሶማልኛ፣ ልጅቷ እየተረጎመች ተግባባን፤ የበላቸው መኪና ከከተማው ወጣ ካለው ፔካ 12 አለፍ ብሎ ተበላሽቶ ቆሟል፣ ዘነቡ ምግብና ውሃ ይዛለት ሄዳለች።

«አባዬ መጥቷል ማለት ነው?» አለች ሶልያና። ራስ ምታቱ የት እንደገባ እንጃ!

ወደዚያው ሄድን። ፔካ 12ን አልፈን ከሚኒባሱ ስንወርድ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። የከባድ መኪና ሰልፍ! አንዱ ከአንዱ ኋላ መንገዱን ይዘው ቆመዋል። ጎማ ሥር ታኮ ተደርጓል፣ አስፋልቱ ላይ ለሚመጣው ምልክት እንዲሆን ድንጋይ ተደርድሯል። ትልቅ አደጋ የደረሰ መሰለኝ። ጎማ ላይ የተቀመጠ አንድ ሸበቶ ሾፌር ጠየቅኩ።

«ምን ሆናችሁ? ይሄ ሁሉ መኪና ተበላሽቶ ነው?»

«የተበላሸው የበላቸው ነው፤ ባሌስትራው፣ ማለት ከሥር ያለው ሞላ፣ ተሰብሮ። እኛ ቆመንለት ነው።»

«ጭነት የላችሁም እንዴ?»

«ሞልቶ! ባለቤቶቹም እየደወሉ ይሰድቡናል» አለና ሳቀ። «ምን ይደረግ እህቴ፣ የቆመ መኪና አይታለፍም። ዛሬ ያለፍከው ሰው ነገ አንተ ስትቆም በምን ዓይኑ ያይሃል?»

እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። እኔ ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ወር አንድም ቀን ሰው ፊት አላለቀስኩም ነበር፤ የማያውቁኝ ሾፌሮች መሀል ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሶልያና ቀድማ አባቷ አንገት ላይ ተንጠልጥላለች። በላቸው እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ወደ እኔ መጣ፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ቲቸር! እህቴ እኮ አሁን ልጅቷን ልታመጣ ወደ እናንተ ሄደች! ተላልፋችኋል። ጠዋት ትምህርት ቤት ደውላ፣ ‹እዘገያለሁ፣ ልጄን ጠብቁልኝ› ብላ ነበር። ዳይሬክተሩ ‹ግቢ ውስጥ ትቆያለች፣ አታስቢ› ብለዋታል።»

አያችሁ? አቶ ዘሪሁን ያውቁ ነበር። ምናልባት ረስተውት ነው፣ እሱን እግዜር ይወቅ። እኔ ያሰብኩት ግን ባዶ ግቢ፣ የተቆለፈ በር፣ በሩ ላይ የቆመች አክስት ነው። ስልኳም ባትሪ ጨርሷል አለኝ በላቸው። ሶልያናን ይዤ የመጣሁበትን መንገድ መልሼ በረርኩ።

የፈራሁት ደረሰ። የዘነቡ ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። የሰፈሩ ሐበሻ በሩ ላይ ተሰብስቧል። «ልጄን! ልጄን የት አደረሳችኋት!» ሶልያና ከእጄ አምልጣ ሮጠች፤ ዘነቡ መሬት ላይ ተቀምጣ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ ደግሞ በጥፊ ልትላት ቃጣች፣ እንደገና ሳመቻት። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። አቶ ዘሪሁን ከቤታቸው በሽርጥ ተጠርተው መጥተዋል። ያለ ሱፍና ያለ ማይክሮፎን ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አዩ ወይ!» አለቻቸው ዘነቡ። «ትጠብቃለች ብለውኝ አልነበረም?»

«ለተረኛዋ ነግሬያታለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። «ልጅ ይዛ የጠፋችው በገዛ ሥልጣኗ ነው።»

«አልነገሩኝም!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዳንዱ አስተያየት አሁንም በሕልሜ ይመጣል።

ዘነቡ እንባዋን ጠርጋ ዙሪያውን ቃኘች። «ስልኩን ያነሱት ወይዘሮ የሺ ናቸው። እሳቸው ናቸው የሰጡዎት። ይኸውና አሉ አይደል፣ ይናገሩ!»

እትዬ የሺ ጩኸቱን ሰምታ ከመጡት መሀል ቆማለች። አየኋት። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ ለምኜ አላውቅም፤ በአፌ ሳይሆን በዓይኔ። እሷም አቶ ዘሪሁንን አየች፣ መሬቱን አየች።

«እኔ... ስልኩን ሰጥቼ ወጣሁ። የተባለውን አልሰማሁም።»

አለቀ። አቶ ዘሪሁን ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ፈረዱ። «ነገ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ በማይክሮፎን፣ በተማሪዎች ፊት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። አለዚያ ውል የለም። የመኖሪያ ወረቀትሽ በማን ስም እንደሆነ አትርሺ።»

ማታ በላቸው ደወለልኝ። መኪናው ተሠርቶለታል፤ ንጋት ላይ ወደብ ገብቶ መጫን አለበት፣ መምጣት አይችልም። «ቲቸር፣ አላህም እግዜርም ይይልሽ» አለኝ። መስታወት ፊት ቆሜ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ማለትን ተለማመድኩ። ቃሏ ቀላል ናት፤ ስንቴ ላልሆነ ነገር ብለናታል! ግን ሶልያና ትሰማለች። ያቺ ሃምሳ ስድስት ብላ የዘለለች ልጅ፣ አስተማሪዋ እሷን ከፀሐይ በማውጣቷ ይቅርታ ስትጠይቅ ትሰማለች። እንደዚያ ካልኩ በኋላ የትኛው ክፍል ውስጥ ቆሜ ምን አስተምራለሁ?

ሐሙስ ነጋ። ልጆቹ በየክፍላቸው ተሰለፉ። ባንዲራ ወጣ፣ መዝሙር ተዘመረ። መምህራኑ በየተማሪዎቻቸው ፊት ቆመዋል። አቶ ዘሪሁን ሱፋቸውን ለብሰዋል። «አሁን አንዲት መምህርት የምትላችሁ ነገር አላት» ብለው ማይክሮፎኑን ሰጡኝ። ከባንዲራው እንጨት ሥር ብቻዬን ቆምኩ። ማይክሮፎኑን ወደ አፌ ሳስጠጋ ድምፅ ማጉያው ጓ ጓ አለ።

«ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ግቢው ተናወጠ። ያ ድምፃቸው ነው መሰለኝ የተለማመድኩትን ያጠፋብኝ።

«ትናንት ሶልያናን ከፀሐይ አውጥቼ ወደ ቤተሰቦቿ ወስጃታለሁ። ነገም ቢሆን እወስዳታለሁ። ትናንት ፔካ 12 ላይ የአባቶቻችሁን ሥራ አየሁ። አንድ መኪና ተበላሽቶ ሁሉም ቆሞለታል። የቆመ መኪና አይታለፍም ይላሉ አባቶቻችሁ። እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ከቆምኩ ቆየሁ። ሁላችሁም መምህራን አይታችሁኛል፤ ሁላችሁም አልፋችሁ...»

ማይክሮፎኑ ጠፋ። አቶ ዘሪሁን ገመዱን ነቅለውታል።

የባንዲራው ገመድ እንጨቱን ሲመታ ይሰማል። ያን ጊዜ ከአንደኛ ክፍል በኩል የጫማ ድምፅ መጣ። እትዬ የሺ ናት። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ግቢውን እያቋረጠች ወደ እኔ ትመጣለች።

«ወይዘሮ የሺ! ወዴት ነው?» አሉ አቶ ዘሪሁን።

አጠገቤ ደርሳ ቆመች። «ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «‹ግቢ ውስጥ ትቆያለች› ሲሉ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ለእሷ እንዳልነገሯትም አውቃለሁ። ትናንት ዋሽቻለሁ።»

እኔ ግን እሷን አልነበረም የማየው። ከኋላዋ ያለውን ነበር! የአንደኛ ክፍል ልጆች ከመስከረም ጀምሮ የሚማሩት አንድ ትልቅ ትምህርት አለ፤ የፊተኛውን ልጅ ትከሻ ያዝ፣ አስተማሪህ የሄደችበት ሂድ። አስተማሪያቸው ስትንቀሳቀስ እነሱ ወደ ክፍል የሚገቡ መስሏቸዋል። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እንደ ባቡር ተከትለዋት መጥተው ከኋላችን ቆሙ። የፊተኛው ልጅ ጥርሱ የወለቀ ነው፤ እጁን አውለበለበልኝ።

«አንደኛ ክፍል! ተመለሱ!» ብለው ጮኹ አቶ ዘሪሁን።

ልጆቹ እትዬ የሺን አዩ። አልተንቀሳቀሰችም። እነሱም አልተንቀሳቀሱም። አስተማሪያቸው ሳትመለስ እንዴት ይመለሱ?

የሁለተኛ ክፍሉ መምህር ካሳ ይህን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሁለት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። «ልጆች፣ ተከተሉኝ» አለ፤ ባቡሩ ተነሳ። ከዚያ አራተኛ ክፍል። ከዚያ አምስተኛ። ግቢው አቧራ በአቧራ ሆነ! የእኔዎቹ አስተማሪ ፊታቸው ስለሌለ ጥቂት ተወዛገቡ፤ ሶልያና መሪ ሆና «ተያያዙ!» ብላ አመጣቻቸው። አቦ፣ ሳቄንና ለቅሶዬን መለየት አቃተኝ! አቶ ዘሪሁን የተነቀለ ገመድ እንደያዙ በግቢው ማዶ ብቻቸውን ቀሩ። አብዲ ደግሞ ይህ ሁሉ ልጅ ሲንቀሳቀስ ትምህርት የተለቀቀ መስሎት የውጭውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ልጆቻቸውን አድርሰው ያልሄዱ ወላጆች ተንጋግተው ገቡ፤ ከፊት ዘነቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ፊልም አይደለም። የወላጆች ኮሚቴ ተሰብስቦ ሁላችንንም ሰማ። አቶ ዘሪሁን አልተባረሩም፤ ዓመቱ እስኪያልቅ ቆይተው ሄዱ። ግን ማይክሮፎኑን ዳግም አልያዙም፣ እኔንም አንቱ ይሉኝ ጀመር፤ እያንዳንዷ አንቱታ ጥርስ እንደመንቀል ታማቸው ነበር። ውሌ ታደሰ። የበር ጥበቃው በተራ ሆነ። ቬንትሌተሬም ከ«ጥገና» ተመለሰ፤ ለካ ዕቃ ቤት ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ ምናልባት አስተማሪዎች ናችሁ፣ ምናልባት ቢሮ ወይም ሱቅ ነው የምትሠሩት። አለቃው ማይክሮፎን ላይኖረው ይችላል፤ ወንበር የራቀባት ሴት ግን አጠገባችሁ ትኖራለች። ክፉ ሰው አንድ ነው። እኔን ሲጎዳኝ የነበረው አንዱ ሳይሆን ወንበራቸውን የሚያርቁት ደጋጎች ነበሩ። እነሱም እኮ አይጠሉኝም ነበር። እያንዳንዳቸው ቢነሱ ብቻቸውን የሚቀሩ መስሏቸው ነው።

ይህን ያወቅኩት ከእትዬ የሺ ነው። ያን ቀን ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላ ማረፊያው ክፍል ውስጥ ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ የሺ፣ ትናንት የፈራሽውን ዛሬ እንዴት ደፈርሽው?» አልኳት።

«ማን ደፈረ? ከትናንት ይልቅ ዛሬ ነው የፈራሁት» አለች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ብቻ አንድ ነገር ቆጭቶኛል። ልጆቹ ተከትለውኝ እንደመጡ አላወቅኩም ነበር። አንቺ አጠገብ ደርሼ ዞር ስል ነው ያየኋቸው። ያን ሁሉ መንገድ ብቻዬን የምሄድ መስሎኝ ነበር።»